“አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል” ይሉኛል፤ እኔ ግን ዝምተኛ ነኝ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።

29 ዓመቴ ነው። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። አራት የስፌት መኪናና አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ መኪና) ይዘን ከእኔ ጋር አምስት ሰው እንሠራለን። ሥራችን ጋዋን፣ ሽርጥ፣ የሆቴል አስተናጋጅ ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም ነው። አንዴ ያሠራን ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል፣ በዚህ አላማርርም። የቸገረኝ አዲስ ሰው ማግኘቱ ነው። የተማሪ ልብስ ወቅት ካለፈ መኪኖቹ ግማሽ ቀን ቆመው ይውላሉ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምተኛ ነኝ። ሰው አልጠላም፤ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ከአቦል እስከ በረካ ስጫወት ብውል አይደክመኝም። ብዙ ሰው ያለበት አዳራሽ ከገባሁ ግን ምላሴ ይታሰራል። ባለፈው ዓመት እዚሁ ደሴ የነጋዴዎች መድረክ ላይ ተጠርቼ፣ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ግድግዳ ጥግ ቆሜ፣ ስልኬ ላይ የምጽፍ መስዬ ዋልኩ። አንድ የክሊኒክ ባለቤት ራሳቸው መጥተው አነጋገሩኝ። 40 ጋዋን እንደሚፈልጉ ነግረውኝ ዋጋ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ወረቀታቸውን ማየት ሲጀምሩ ጨነቀኝና ሳይለምኑኝ በአንዱ ጋዋን ላይ 80 ብር ቀነስኩላቸው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ የሁለት ቀን የገበያ ትስስር መድረክ አለ። ከፋብሪካ፣ ከሆቴልና ከትምህርት ቤት ገዢዎች ይመጣሉ ተብሏል። የአክስቴ ልጅ የትም ገብታ የምትግባባ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ “አንቺ ስፊ፣ እኔ ላውራልሽ፤ ከትርፉ ሲሶውን ትሰጪኛለሽ” አለችኝ። እናቴም “አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ እሷን ላኪያት” ትለኛለች። ልስማማ ወይስ ራሴ ልሂድ? ራሴ ብሄድስ እንደ እኔ ያለ ሰው ምን ብሎ ይዘጋጃል?

ዝምተኛዋ፣ ከደሴ

* * *

አብሽሪ፣ እህቴ። መጀመሪያ ሒሳቡን እናስቀምጠው፤ 80 ብር በ40 ጋዋን 3,200 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የቀረብሽ ጨዋታ ስለማታውቂ እንደሆነ አድርገሽ ራስሽን ወቅሰሽ ይሆናል። ደብዳቤሽን መለስ ብለሽ አንብቢው እስቲ። ሰውዬው መጥተው አነጋግረውሻል፣ የሚፈልጉትን ነግረውሻል፣ አንቺም ዋጋሽን ተናግረሻል። እስከዚህ ድረስ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ስድስት ሰከንዶች ነው። እሳቸው ምናልባት በልባቸው እየደመሩ ነበር፤ አንቺ “ተወደደባቸው” ብለሽ ተረጎምሽው። የአክስትሽ ልጅ እዚያ ብትኖር ኖሮ ዝምታውን በወሬ ትሞላው ይሆናል፤ ዋጋሽን ታስከብረው ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ከበዛበት ቦታ ስትወጪ የሚሰማሽ ድካም ነው ወይስ ፍርሃት? ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ይለያያል። ቁጥብ ሰው፣ ኢንትሮቨርት የሚሉት፣ ሰው መሀል ሲውል ጉልበቱ ያልቅና ብቻውን ሲሆን ይመለስለታል። ዓይናፋር ሰው ደግሞ የሚያስጨንቀው “ምን ይሉኝ ይሆን” ነው። ከአቦል እስከ በረካ መጫወት አይደክመኝም ካልሽ አንቺ በአብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ወገን ትመስዪኛለሽ፤ የዋጋው ነገር ግን ፍርሃትም ጠጋ እንዳለ ያሳብቃል። ለድካሙ ቀኑን ከፋፍሎ ማረፍ ይበጃል፣ ለፍርሃቱ ደግሞ አስቀድሞ መለማመድ። ነገሩ ከዚህ ከፍቶ ለቀናት እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ልብሽ እየመታ ከመንገድ የሚመልስሽ ከሆነ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አማክሪ። በሕክምና የሚሻሻል ነገር ነው፤ ነውርም የለበትም።

ወደ አክስትሽ ልጅ ልምጣ። ክፋት አስባ ያለችሽ አይመስለኝም፤ ጭንቀትሽን አይታ ይሆናል። ሲሶ ግን ብዙ ነው። ድሮ ሲሶ አራሽ ሲሶውን የሚሰጠው ለባለ መሬቱ ነበር፤ እዚህ መሬቱም በሬውም ያንቺ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ልታስቢበት የሚገባው ደግሞ ሌላ ነው። ገዢው ስልኩን የሚሰጠው ላነጋገረው ሰው ነው፤ ነገ ብትጣሉ ደንበኛው ከእሷ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ስፌት የማያውቅ ተናጋሪ የማይደርስ ቀን ይቀጥራል። “100 ጋዋን? በሳምንት እናደርሳለን!” ብላ ብትመለስ ስትሰፊ የምታድሪው አንቺ ነሽ። የስፌት ቤትሽ በቀን 12 ጋዋን ቢያወጣ 100 ጋዋን ስፌቱ ብቻ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ጨርቅ መግዛቱ፣ ቆረጣው፣ የቁልፍ ቤቱና ካውያው፣ አንድ ቀን የሚጠፋው መብራት ሲታከልበት ትክክለኛው መልስ 15 የሥራ ቀን ነው። ይህንን መልስ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። የግዥ ሠራተኛ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ መቼ ይደርሳል፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ ቀለሙን ይለቃል፣ ለወፍራም ሰው የሚሆን ልክ አለሽ ወይ።

ስለዚህ ብትሄጂ ይሻላል ባይ ነኝ። እሷንም አትተያት። ለመጀመሪያው ቀን አብራሽ ትሂድ፤ አዳራሽ ውስጥ የምታውቂው ፊት መኖሩ ብቻውን ግማሽ ዕረፍት ነው። ከመንገድ በፊት ግን ሁለት ነገር ተስማሙ። ዋጋና የማስረከቢያ ቀን የምትናገሪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሷ ሰው ታስተዋውቅሽና ዘወር ትላለች። ራሷ ባመጣችው ትዕዛዝ ላይ ደግሞ የድለላ ክፍያ ታገኛለች፤ ለምሳሌ ከሽያጩ 5 በመቶ፣ የሚከፈለውም ደንበኛው ሲከፍል። በወረቀት አስፍሩት፤ ዘመድ ስለሆነች አይደለም የማይጻፈው፣ ዘመድ ስለሆነች ነው የሚጻፈው። እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ “እህቴ፣ ሐሳብሽ ደስ ብሎኛል። ሲሶውን አልችለውም፣ ቤቱን ይጎዳዋል። ያመጣሽውን ሥራ ግን ድካምሽን አላስቀርብሽም።” ቅር ቢላት ለጥቂት ቀን ነው፤ ሲሶውን ከሰጠሽ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ ይረዝማል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። አዳራሽ ውስጥ የምታደርጊው ነገር ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ክፍል ነው። ዝምተኛ ሰው የሚያሸንፈው ከአዳራሹ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታትና ከአዳራሹ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ ሁለቱም ላይ ሕዝብ የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት አዘጋጆቹ ጋ ደውለሽ ወይም ሄደሽ ከገዢ ወገን እነማን እንደተጠሩ ጠይቂ። የስም ዝርዝር ባይሰጡሽ እንኳ የድርጅቶቹን ዓይነት ይነግሩሻል። ከዚያ አምስት ብቻ ምረጪ። አሥራ አምስት ብትይ አንዱንም ሳታነጋግሪ ትመለሻለሽ፤ አምስት ግን ለሁለት ቀን የሚቻል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሦስት፣ በሁለተኛው ሁለት። ለእያንዳንዱ በደብተርሽ አንድ አንድ ገጽ ስጪና ስንት ሠራተኛ ገደማ እንዳለው፣ አሁን ምን ዓይነት ልብስ እንደሚለብሱ፣ ማን እንደሚገዛላቸው ጻፊ። ኮምቦልቻ ያለ ሆቴል ከሆነ አንድ ቀን ገብተሽ ሻይ ጠጪና የአስተናጋጆቹን ልብስ እዪው። ኮሌታው ነጥቷል? ኪሱ ተንጠልጥሏል? ይህን አይተሽ የሄድሽ ጊዜ የምታወሪው አይጠፋሽም።

እነዚህ አምስቱ ጋ ባዶ እጅሽን አትቅረቢ፤ ሰው ይዘሽ ሂጂ። እኛ አገር እንኳን ትዳር፣ የበግ ግዢም ያለ አገናኝ አይጀመርም፤ ለአንቺ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ይህ ባህል የተሠራለት ነው። ጨርቅ የምትገዢበት ነጋዴ ለማን ለማን እንደሚሸጥ ያውቃል። ግብርሽን የሚሠራልሽ የሒሳብ ባለሙያ የሌላም ድርጅት ሒሳብ ይይዝ ይሆናል። ክርና ቁልፍ የሚያመጣልሽ፣ የድሮ አስተማሪሽ፣ በዕድር የምታውቂያቸው ሰው አሉ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ የተነተነው ይህንኑ ነው፤ አዲስ ወሬ የሚደርሰን ብዙ ጊዜ በሩቁ ከምናውቀው ሰው ነው፣ የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁትን እኛም አስቀድመን እናውቀዋለንና። ስለዚህ ከጓደኛሽ ይልቅ የጨርቅ ነጋዴው ይበልጥ ሊጠቅምሽ ይችላል። የምትጠይቂውም ትንሽ ነገር ነው፦ “ጋሼ፣ ኮምቦልቻ መድረኩ ላይ እገሌን የሚያውቋቸው ከሆነ፣ ‘አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ሰላም ትልዎታለች’ ብለው ይደውሉልኝ።” ከአምስቱ ለሁለቱ እንኳ ይህ ከተደረገ አዳራሹ ውስጥ ሁለት የሚጠብቁሽ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እጅሽ የሚይዘውን አዘጋጂ። ባለፈው የያዝሽው የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ ብርጭቆ ስለ ሥራሽ ምንም አይናገርም። ከምትሠሪባቸው ጨርቆች ስምንት ያህል ናሙና 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪ፤ ጠርዙ እንዳይተረተር በኦቨርሎክ አስዙሪው። በአንድ ጥግ በስተሽ ቀለበት አስገቢበት። ከእያንዳንዱ ጀርባ የጨርቁን ዓይነት (ጥጥ ነው፣ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው)፣ ወርዱንና ለምን ልብስ እንደሚሆን በትንሽ ወረቀት ለጥፊ። ዋጋ አትጻፊ፤ ጨርቅ ይወጣል ይወርዳል፣ የጻፍሽው ዋጋ በኋላ ይከራከርሻል።

ከሁሉ የሚበልጠው ናሙና ግን ይኸኛው ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ኪስ ስፊ፤ ሙሉ ልብስ አያስፈልግም፣ ቁራጭ ጨርቅ ላይ የተሰፋ ኪስ ይበቃል። በሁለቱም አፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ ማዕዘኑን፣ ደጋግመሽ አጠንክሪው። አንዱን አምስት ጊዜ እጠቢና ካውያ ምቺው፣ ሌላውን እንዳለ ተዪው። ጎን ለጎን ስታሳዪያቸው ጨርቁ ምን ያህል እንደተሰበሰበ፣ ቀለሙ እንደያዘ፣ ማዕዘኑ እንዳልተነቀለ ሰው በዓይኑ ያያል። ንጹሕ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት እንደሚሰበሰብ ማንም የግዥ ሠራተኛ ተቃጥሎበት ያውቃል፤ ስለዚህ ቀድመሽ ጨርቁን አርጥበሽና አድርቀሽ የምትቆርጪ ከሆነ በዚህ ናሙና ላይ ይታያል። እዚህ ላይ የምትናገሪው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሰውዬው በጣቱ እየዳበሰ ይጨርሰዋል።

ካርድ አሳትሚ፤ 50 ይበቃል። ስምሽ፣ “የሥራ ልብስና ዩኒፎርም ስፌት”፣ አንድ ስልክ ቁጥር (ሁለት ሲም ካለሽ ሁልጊዜ የሚሠራውን)፣ ቴሌግራም፣ የሚታወቅ አቅጣጫ። ጀርባው ባዶና የማያንጸባርቅ ይሁን፤ እስክሪብቶ እንዲይዝ። ማታ ሲያብረቀርቅ የሚያምረው ካርድ ላይ ምንም አይጻፍም። የታደሰ ንግድ ፈቃድሽን፣ የንግድ ምዝገባሽንና የቲን ቁጥርሽን አምስት አምስት ኮፒ ያዢ፣ ፎቶውንም በቴሌግራም ለራስሽ ላኪው። ትልልቅ ድርጅቶች ከየትም ደርሰው አይገዙም፤ አነስ ያለውን ግዥ ብዙ ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አወዳድረው፣ ከፍ ያለውን በጨረታ ነው የሚፈጽሙት። ስለዚህ ከፋብሪካ ሰው ዘንድ የምትፈልጊው “ግዙኝ” ሳይሆን “ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ እኔም ጋ ደውሉ” ነው። ልመና የማይመስል፣ ለመናገርም ለመስማትም የማይከብድ ጥያቄ ነው።

መግቢያሽን ደግሞ በሦስት ዓረፍተ ነገር አሳጥሪው። “እገሌ እባላለሁ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ የሥራ ልብስ እሰፋለሁ። ጋዋን፣ ሽርጥና የአስተናጋጅ ልብስ ነው የምንሠራው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የሠራተኞችዎ ልብስ መጀመሪያ የሚቀደደው የት ጋ ነው?” ይህን ጥያቄ አትርሺው። የትኛውም ሆቴል፣ የትኛውም ክሊኒክ መልስ አለው። አንዱ ብብቱ ጋ ይላል፣ አንዱ የኪሱ ማዕዘን፣ ሌላው የሱሪው መቀመጫ። እነሱ ሲያወሩ አንቺ ታዳምጫለሽ፤ ማዳመጥ ደግሞ የተካንሽበት ነው። ብብቱ ከሆነ ልኩ ጠቦ ይሆናል ወይም ክሩ ቀጥኗል፣ መቀመጫው ከሆነ ድርብ ስፌት ያስፈልገዋል፤ መልሱን አንቺ በእንቅልፍሽም ታውቂዋለሽ። ከዚያ በኋላ ንግግር ፍለጋ መዋተት የለም፣ በሙያሽ ላይ እየተጨዋወታችሁ ነው። መግቢያውን ስልክሽ ላይ ድምፅሽን ቀድተሽ አዳምጪው፤ ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቃል በቃል ግን አትሸምድጂው፤ አንዲት ቃል ከጠፋችሽ ሁሉም ይጠፋሻል።

ሦስተኛው ሳምንት ለልምምድ ነው፤ በቀላል ቦታ። አራዳ ወይም ሰኞ ገበያ ከማታውቂው አንድ ሱቅ ግቢ፣ ስለ ክር ዋጋ ጠይቂና ሳትገዢ ውጪ። በማግሥቱ አንድ የማታውቂው ካፌ ገብተሽ አስተናጋጇን “ይህን ልብስ ማን ሰፋላችሁ?” በያት። ምንም የምታጪው ነገር የለም፤ ልብሽ የሚመታው ሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ይለምደዋል።

የመድረኩ ቀን ጠዋት ከደሴ በጊዜ ውጪ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎ ተራራ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከፊት ከተሰለፈ ግን ሰዓቱ ይበላል፣ ተቻኩሎ የገባ ሰው ደግሞ ገና ከበሩ ደክሟል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናትና ሙቀቱ ሌላ ነው፤ የደሴን ብርድ ፈርተሽ የደረብሽው ሹራብ ረፋድ ላይ ላብ በላብ ያደርግሻል። ስስ ልብስ ከውስጥ፣ የሚወልቅ ነገር ከላይ። ራስሽ የሰፋሽውን ብትለብሺ ደግሞ ናሙና ለብሰሽ መጣሽ ማለት ነው።

መድረኩ ከሚጀምርበት ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። ዝምተኛ ሰው ዘግይቶ መግባት ይወዳል፤ ስሕተቱም ይኸው ነው፣ ዘግይቶ ሲገባ ሁሉም ተቧድኖ ያገኘዋል። ቀድመው የመጡት አንድ አንድ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ከአንድ ሰው ጋር መጫወት ደግሞ ያንቺ ሜዳ ነው። የመክፈቻው ራስን ማስተዋወቅ በማይክ የሚዞር ከሆነ ማይኩ ከሚጀምርበት ወገን ተቀመጪ። ተራ መጠበቅ ከመናገሩ ይብሳል፤ ቀድመሽ ከጨረስሽ የሌሎቹን በሰላም ታዳምጫለሽ፣ ከአምስቱ ውስጥ ማን እንደመጣም ትለያለሽ።

ሰላምታችን ረጅም መሆኑ ለአንቺ ጸጋ ነው። “እንዴት አደሩ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ መንገዱ እንዴት ነበር” እያልሽ ግማሽ ደቂቃ ያልፋል፤ በዚያ መሀል ትንፋሽሽ ይመለሳል። እጅ መጨበጥን ግን አትቸኩዪበት። ወሎ ውስጥ በሃይማኖቱ ምክንያት ተቃራኒ ጾታ የማይጨብጥ ብዙ ሰው አለ፤ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ጎንበስ ብትዪ ለሁሉም ያምራል፣ እሳቸው እጃቸውን ከዘረጉ ትጨብጫለሽ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተጠጋግተው ሲያወሩ አትግቢባቸው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ወገን ክፍት ትተው ከቆሙ ግን ጠጋ ብሎ ማዳመጥ ያስኬዳል፤ ማንም “ምን ፈለግሽ” አይልሽም።

ከሁለት ሰው ጋር ካወራሽ በኋላ አሥር ደቂቃ ከአዳራሹ ውጪ ሁኚ። ስልክ ሳትከፍቺ ነፋስ ያዢ፣ ውሃ ጠጪ። የሶላት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሲሳሳ ለአንቺ ወርቅ ጊዜ ነው፤ የቀሩት ሰዎች ዘና ብለው ነው የሚቀመጡት። ምሳ ላይም ከአንድ ሰው ጎን ተቀመጪ እንጂ ክብ ጠረጴዛ መሀል አትግቢ። ምሳ ልጋብዝ ካልሽ ደግሞ የጾም ቀን መሆን አለመሆኑን አስቢ፤ ሻይ ሁልጊዜ ይቀላል፣ በረመዳን ግን ሻይም ይቆይ።

ወሬ መዝጋት ብዙ ዝምተኛ ሰው የሚቸገርበት ነገር ነው፤ መውጣት ስለማይችል መግባት ይፈራል። ሰባት ስምንት ደቂቃ ካወራችሁ በቂ ነው። “ጊዜዎን አልውሰድብዎት፤ የኪሱን ናሙና ሐሙስ ቢሮዎ ላምጣልዎት?” በይ። ቀን ያለው ቀጠሮ ይዘሽ መውጣት ካርድ አሥር ከመበተን ይሻላል። ካርድ በየጠረጴዛው የሚያከፋፍል ሰው ታያለሽ፤ አትቅኚበት፣ ካርዶቹ ማታ ጠረጴዛው ላይ ቀርተው ይጠረጋሉ።

አሁን ያ የ80 ብሩ ጉዳይ። መድረኩ ላይ ዋጋ ሲጠይቁሽ በቁጥር ተወስነሽ አትመልሺ፤ “ጨርቁንና ብዛቱን ካወቅሁ ነገ ፕሮፎርማ እልክልዎታለሁ” ማለት ሙሉ መልስ ነው። ቁርጥ ያለ ቁጥር ከፈለጉ ግን ቤት ሆነሽ ያሰላሽውን ተናገሪ። ለእያንዳንዱ ልብስ ሁለት ቁጥር በደብተርሽ ጻፊ፦ የምትጠሪው ዋጋና ከዚያ በታች የማትወርጂበት። የታችኛው ውስጥ ጨርቁ፣ ክርና ቁልፉ፣ የሰፊዎቹ ደመወዝ፣ ኪራዩ፣ መብራቱና ትራንስፖርቱ ይግባ፤ የአንቺን የራስሽን ደመወዝ አትርሺ፣ ብዙ የስፌት ቤት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዋጋሽን ከተናገርሽ በኋላ አፍሽን ዝጊና በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። እጅሽ ሥራ ይፈልጋል፤ ናሙናውን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጊው። ሰውዬው ዝም ካሉ ዝም በይ። ከሕይወትሽ ሁሉ ዝምታሽ ገንዘብ የሚያወጣበት ቦታ ቢኖር ይኸኛው ነው፣ ያንቺን ዝምታ ደግሞ ማንም አይችለውም።

“ይወደዳል” ቢሉ ወዲያው አትቀንሺ፤ በምትኩ ለውጥ ጠይቂ። “ከ40 ወደ 60 ካሳደጉት ይህን ያህል እቀንሳለሁ” ወይም “በቀጭኑ ጨርቅ ከሆነ ይወርዳል፣ ይኸው ልዩነቱ” ብለሽ ናሙናውን አሳዪ። ዋጋ ያለ ምክንያት ከወረደ ገዢው የሚያስበው መጀመሪያ እንዳታለልሽው ነው። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ፣ ቀሪው በርክክብ መሆኑንም ያኔውኑ ተናገሪ፤ ጨርቁ የሚገዛበት ገንዘብ ነውና አትፈሪው። ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና ጻፊ፤ ጨርቅ በሚዋዥቅበት ጊዜ አሥር ቀን ደህና ነው።

ማታ ደሴ ስትመለሺ ሳትተኚ የእያንዳንዱን ሰው ካርድ ጀርባ ሙዪ፦ ምን እንደተቸገረ፣ ምን ቃል እንደገባሽለት፣ በየትኛው ቀን። በማግሥቱ ሲነጋ አንዱን ከሌላው ታምታቺያለሽ። በሁለት ቀን ውስጥ ጻፊላቸው፤ ከሳምንት በኋላ የሚደርስ መልእክት “እገሌ ማን ነበረች?” ያሰኛል። “ሰላም ነው?” ብለሽ መልስ አትጠብቂ፣ ሃያ ፎቶም አትላኪ። እንዲህ ይብቃሽ፦ “ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ መድረኩ ላይ የአስተናጋጆችዎ ልብስ ብብቱ ጋ ቶሎ እንደሚቀደድ ያጫወቱኝ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። እንዳልኩዎት አንድ ናሙና ሰፍቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ወይም ዓርብ ከሰዓት የትኛው ይመችዎታል?” ሁለት አማራጭ ያለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ካልመለሱ በሳምንቱ አንድ ጊዜ ደውዪ፤ ከዚያ በወር አንዴ በቂ ነው። ትምህርት ቤቶቹን ግን ለብቻ ያዢያቸው፤ ለመስከረም የሚሆነውን ልብስ የሚወስኑት ክረምቱ ሳይገባ ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ካልደወልሽ ነሐሴ ላይ ልብሱ ተሰፍቷል።

ናሙናውን ይዘሽ ቢሮ ስትሄጂ የምታገኚው አንድ ሰው፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ስኒ ሻይ ነው። እዚያ ማንም ምክር አያስፈልግሽም። ከአምስቱ አንዱ ወደ ስፌት ቤትሽ መጥቶ ማየት ቢፈልግ ደግሞ ቡና አፍዪለት፤ ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ አለሽ፣ መኪኖቹም ሲሠሩ ያያል።

ሁለቱን ኪሶች ዛሬ ማታ ስፊያቸው። አምስት ጊዜ ታጥቦ፣ በየመሀሉ ደርቆ፣ በደሴ ብርድ ሳምንት አይበቃውም።